ከቄሱ በስተቀኝ ያለው መቀመጫ

ሰው ቤቱን ሊያፈርስበት የመጣን እንግዳ በምን ይቀበለዋል? በዱላ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ በእንባ የምትሉም አትጠፉም። እናቴ የተቀበለችው በጠላ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከነምኑ ላጫውታችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ያኔ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ከአባቴና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ በቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል ቀኑን ሙሉ ንፍጥ ስጠርግና ሀ ሁ ሳዘምር እውላለሁ ማለቴ ነው። ከሕፃናት ጋር ስሆን አፌ አይዘጋም። ትልቅ ሰው ፊት ስቆም ግን ምላሴ ይተሳሰራል። እናቴ ዘነበች፣ ሰፈሩ እትዬ ዘነቡ የሚላት፣ "ስንዱ አፏን የምትከፍተው ለጉርሻ ብቻ ነው" እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

አባቴ ተሰማ አናጢ ነው። የምንኖርባትን የጭቃ ቤት ማገሯን የማገረ፣ ቆርቆሮዋን የመታ እሱ ራሱ ነው። ታላቅ ወንድሜ በላይ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘምቷል። ወሬው ከጠፋ ከርሟል። በቤታችን ስሙ የሚጠራው በጸሎት ሰዓት ብቻ ነበር፤ በሌላ ጊዜ ያነሳነው እንደሆነ እናቴ ሥራዋን ጥላ ትቀመጣለችና።

በላይ ከመሄዱ በፊት የግቢያችንን የቆርቆሮ በር አበጅቶልን ነበር። ከውስጥ የሽቦ መንጠቆ አለው። ከውጭ የሚመጣ የቤት ሰው ሁለት ጣቱን በምታሳልፍ ቀዳዳ አግብቶ መንጠቆውን ሽቅብ ይገፋና የበሩን ሥር በጉልበቱ መታ ያደርጋል። ዘዴውን የማያውቅ ሰው ሲታገል ይውላል እንጂ አይገባም። እናቴ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ቀና ትላለች። ከዚያ "ጉልበት አልሰማሁም" ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ነች።

ታዲያ በዚያ ዘመን ነው "ቅይጥ ኢኮኖሚ" የሚባለው ነገር የታወጀው። ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ሊቀመንበራችን ጓድ ሽፈራው ለዓመታት ያንኑ መድረክ እየደበደበ "ከበርቴ ይውደም!" ሲያስብለን የኖረ ሰው ነው። እኛም ግራ እጃችንን እያነሳን ስናወድም ኖረናል። ያን ቀን ግን ጉሮሮውን ጠረገና፣ ከአውራ ጎዳናው ወዲህ ያለው መንደር "ለልማት ስለሚፈለግ" እንደሚነሳ ነገረን። ባለሀብት ሆቴል ሊሠራበት ነው። የእኛ ምትክ ቦታ ቡልቡላ ሆነ።

ቡልቡላ ያኔ የጤፍ ማሳ ነው። ውሃ የለ፣ መብራት የለ፣ ከጨለመ ጅብ እንጂ ሰው አይመላለስበትም።

አባቴ እጁን አወጣ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው ብትለኝ በሬን ራሴ እነቅልልህ ነበር። ሐኪም ቤት ብትለኝ ማገሩን አብሬህ አፈርስ ነበር። ይሄ እኮ የአንድ ነጋዴ ሆቴል ነው። ስናወድመው የኖርነው ሰውዬ አይደለም እንዴ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ሽፈራው አልሳቀም። "መሬት የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ለፈለገው ይሰጣል" አለና ስብሰባውን ዘጋ። በሳምንቱ ሠራተኞች መጥተው በየግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። በእኛ ቤት ላይ ምልክቱ ያረፈው ከመስኮቱ ሥር ነው።

እናቴ ማታ እራት ስናቀርብ "በላይ ሲመጣ በየት በኩል ይገባል?" አለች። እኛ ስለ ቤት እናስብ ነበር፤ እሷ የምታስበው ስለ በር ነበር። ልጇ ከዚያ በር ሌላ የሚያውቀው አድራሻ አልነበረውም።

አሁን ስለ ማኅበራችን ትንሽ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ሰፈሩ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚጠጣ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነበረው። አባቴ ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ መሪ ነው። ወጉ እንዲህ ነው፦ የወሩ ደጋሽ ቤት ተሰብስበን፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ቄሱ አባ ተክሌ ጽዋውን ባርከው ለቀጣዩ ወር ተረኛ ይሰጣሉ። ተረኛው እንዲታወቅ ከቄሱ በስተቀኝ ይቀመጣል። ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀብሎ "አሜን" ከተባለ በኋላ መመለስ የለም፤ በወሩ ቤቱ ይደገሳል። ከዚያ ወዲያ ማኅበርተኛ እንደ ወንድምና እህት ነው። የተጣላ ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም።

የዚያን ወር ደጋሾች እኛ ነበርን። ወሩ ኅዳር ነው፤ ኅዳር ሚካኤል። ተረኛው ማን መሰላችሁ? ጓድ ሽፈራው! አዎ፣ ያ መድረክ ደብዳቢ። በስብሰባ ላይ ሃይማኖትን "የኋላቀርነት ቅሪት" ሲል ይውልና፣ በአሥራ ሁለት ግን በጓሮ አጥር ሾልኮ ገብቶ ከአባ ተክሌ መስቀል ሥር አንገቱን ይደፋል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም። ሚስቱ እትዬ አሰለፈች እንዲያውም ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ነች።

ኅዳር አሥራ ሁለት አዲስ አበባ የምትታጠንበት ቀን መሆኑን ታውቃላችሁ። ያን ቀን ሰፈሩ ቆሻሻውን ጠራርጎ ከእኛ በር ፊት ለፊት ካለው የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ከምሮ ለኮሰው። ጭሱ አላላውስ አለ። እኛ ቤት ማኅበርተኛው ሞልቷል፤ አባ ተክሌ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ በስተቀኛቸው ያለው መቀመጫ ግን ባዶ ነው። ጓድ ሽፈራው በጓሮ በኩል ይመጣል እያልን ስንጠብቅ፣ ከፊት በር የመኪና ጥሩንባ ሰማን።

በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። ነጭ ፔጆ ጭሱ መንገድ ዘግቶበት በራችን ላይ ቆሟል። ሦስት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ጠና ያሉ ወፍራም ሰው ናቸው። ሁለተኛው ከከተማው መሥሪያ ቤት የመጣ፣ ካኪ የለበሰ ወጣት ሹም ነው። ሦስተኛው ጓድ ሽፈራው ራሱ! ፊቱ ሽሮ መስሏል። ኋላ እንደሰማነው፣ ወደ እኛ ሊመጣ ከቢሮው ሲወጣ ነው ሹሙ "ባለሀብቱን ቦታውን አሳየን" ብሎ ከደጅ ያፈሰው።

"ከዚህ እስከዚያ ያለው ነው አቶ አስራት" አለ ሹሙ በእጁ እየጠቆመ። "እንዳልኩዎት ባዶ ማለት ይቻላል። የዛጉ ጣራዎች ናቸው፤ በሁለት ቀን ይነሳሉ።"

አባቴ ከኋላዬ ሆኖ ይህን ሰማ። በሩን በረገደው። "ባዶ ነው ያልከው? ና ግባና ቁጠር! ና እየው ባዶውን!" አለ። አባቴ ሲቆጣ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ከውስጥ ወንዶቹ መነሳት ጀመሩ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ታየኝ።

በዚህ መሀል እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። አባቴን በክርኗ ገፋ አድርጋ አሳለፈችው።

"ምነው ተሴ! በሚካኤል ቀን ደጅ የቆመ ሰው ላይ ይጮሃል?" አለችና ወደ እንግዶቹ ዞረች። "ግቡ የኔ ጌቶች፤ ጠበል ቅመሱ።"

"እናመሰግናለን እናቴ፣ ሥራ ላይ..." ሹሙ አልጨረሰም። ጭሱ ጉሮሮውን ያዘውና ሳል በሳል ሆነ።

አቶ አስራት ኮፍያቸውን አወለቁ። "የሚካኤል ጠበል ጸዲቅ እምቢ አይባልም" አሉ። ጎንበስ ብለው በዚያች በር ገቡ። ሹሙም ከጭሱ ጋር ከመታገል መግባት ይሻላል ብሎ ተከተለ። ጓድ ሽፈራው የሚሄድበት ጠፍቶት ከኋላቸው ተጎተተ።

እናቴ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። "ባለ ከረባቱን ከአባ ተክሌ በስተቀኝ አስቀምጪው።"

"እማዬ፣ እሱ እኮ የተረኛ..."

"አስቀምጪው አልኩሽ!"

አስቀመጥኳቸው። ወፍራም ሰው ሁለት ቀጫጭን ሰዎች መካከል ሲቀመጥ ያለውን ጭንቀት አስቡት፤ አቶ አስራት ግን ምንም ሳይመስላቸው ጫማቸውን ሰብስበው ተመቻቹ። ሹሙ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጓድ ሽፈራው ቆሞ የማዳበሪያ ኮርኒሳችንን መመርመር ያዘ፤ ከዚያ ቀን በፊት አይቶት የማያውቅ ይመስል።

ዳቦ ቀረበ፣ ንፍሮ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። ለእንግዶቹ የቀዳሁት እኔ ነኝ። አቶ አስራት አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ጌሾው ገብቶታል" አሉ።

"ይጨመርልዎት" አለች እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና።

"ይጨመር።"

ማኅበርተኛው ቀስ በቀስ ተነፈሰ። አንዱ ሽማግሌ አቶ አስራትን አገራቸውን ጠየቃቸው። ከጎንደር ገጠር በልጅነታቸው መጥተው በጆንያ ተሸካሚነት እንደጀመሩ ተናገሩ። አባቴ ብቻ ጥግ ላይ ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል። እኔም ልቤ አልተረጋጋም። የቀመሰ ሁሉ ይምራል ያለው ማነው? በልቶ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ወጥቶ፣ በነጋታው ግሬደር ሊልክ ይችላል።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ማንም አላሰበውም።

አባ ተክሌ ለጸሎት ተነሱ። ሁላችንም ተነሳን፤ ሹሙም እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ተነሳ። አባ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፉም። ጸሎቱን አደረሱ፤ ጽዋውን ከእናቴ እጅ ተቀበሉ፤ እንደ ዘወትሩ ወደ ቀኛቸው ዞሩ። ከዚያም በስተቀኝ የቆመውን ሰው እጆች ፈልገው አገኙና ጽዋውን አስያዟቸው።

"ገበታውን ያስፋልህ፤ ቤትህን ይባርክልህ፤ ለወሩ በሰላም ያድርስህ!"

"አሜን!" አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

ልማድ ክፉ ነው። አሜኑ ካፋችን ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳደረግን የገባን። ከማድ ቤት ደግሞ እትዬ አሰለፈች፣ ጽዋው ለባሏ የተሰጠ መስሏት፣ ሰፈር የሚያናውጥ እልልታ አቀለጠችው። ብቻዋን እልል፣ እልል፣ እልል! ከዚያ ብቅ ብላ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

ሁሉም ሰው ጓድ ሽፈራውን አየ። ጓድ ሽፈራው አፉን ከፈተ። ሹሙን አየ። አፉን ዘጋ።

"ምንድን ነው? ስህተት አለ እንዴ?" አለ ሹሙ።

"ተረኛው ሌላ ሰው ነበር" አለ አንዱ።

"ማን ነበር?"

ማን ይናገር? ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?"

ጓድ ሽፈራው ላቡን ጠረገ። "እኔ... በዚህ ጉዳይ ዙሪያ ምንም መረጃ የለኝም ጓድ" አለ።

እኔ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ የሳቅሁት ሳቅ እስከዛሬ ጎኔን ያመኛል። ተመልሼ ስወጣ ግን የሚሳቅ ነገር አልነበረም። አቶ አስራት ጽዋውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ልመልሰው?" አሉ ቀስ ብለው።

"ከሚካኤል ሳይሆን ከእኔ የተቀበልከው መስሎህ ከሆነ መልሰው ልጄ" አሉ አባ ተክሌ።

አቶ አስራት አልመለሱም። "እናቴ ጽዋ ስትቀበል እኔ ከኋላዋ እያጨበጨብኩ እስከ ቤት እከተላት ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ በእጄ ነክቼው አላውቅም" አሉ። ወደ ሰዉ ቀና አሉ። "እንግዲህ ወጉን ንገሩኝ። ምን ላድርግ?"

ይህን ጊዜ አባቴ ከጥጉ ወደ ፊት ወጣ። ሙሴው እሱ ነውና መናገር አለበት። "ወጉ ቀላል ነው። በወሩ ይደግሳሉ፤ እኛ እንመጣለን። ግን ከማኅበርተኛ ጋር የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ ቤቱ አያሳድርም።"

"እኔ ዛሬ ነው ያየኋችሁ። ከማን ጋር ተጣላሁ?"

"ከእኔ ጋር" አለች እናቴ።

ከጓዳው በር ወጥታ መሀል ቤት ቆመች። "ከእኔ ጋር ነው የተጣሉት አቶ አስራት። እርስዎ አያውቁትም እንጂ ከተጣላን ቆየን። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ዘምቷል፤ ይኑር ይሙት አላውቅም። የመጣ እንደሆነ የሚያውቀው በር ይሄ ብቻ ነው። ቡልቡላ ብሄድ ማን ይነግረዋል? ቤቱን ይውሰዱት፤ ጭቃ ነው። በሩን ግን አይውሰዱብኝ።"

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"የትኛው ነው በሩ?" አሉ አቶ አስራት።

ጽዋውን ለአባ አስያዟቸውና ተከትለዋት ወጡ፤ እኛም ግልብጥ ብለን ወጣን። እናቴ በሩን አሳየቻቸው፤ ቀዳዳዋን፣ መንጠቆውን፣ የበላይ እጅ የጠመዘዘውን ሽቦ። አቶ አስራት ወደ ውጭ ወጡና "እስቲ ዝጉብኝ" አሉ። ዘጋንባቸው። ጣታቸውን አገቡ፤ ታገሉ፤ በሩ እንቢ አለ። ከጭሱ መሀል ሆነው ሲያስሉ ይሰማናል።

"ሽቅብ ይግፉት!" አለች እናቴ።

"ገፋሁት!"

"በጉልበትዎ ይምቱት!"

እዚህ ላይ ነው እኔ የቀበጥኩት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ ለሕፃናቱ እንደማደርገው ጮክ ብዬ "አይዞዎት፣ ከሥሩ ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" አልኩ። ዷ! በሩ ተበረገደ። አቶ አስራት ሙሉ ልብሳቸው ጉልበቱ ላይ አፈር ተመርጎበት፣ ፊታቸው በሳቅ ተሞልቶ ግቢው መሀል ገቡ። ሰዉ አጨበጨበ። አባቴ ሳቀ። እናቴ ደግሞ እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ ከዚያ በር ጉልበት ከሰማች ስንት ጊዜዋ!

አቶ አስራት ልብሳቸውን ሳያራግፉ ወደ ሹሙ ዞሩ። "ወንድሜ፣ ይህን ቦታ አልወስደውም።"

"ውሳኔው እኮ የመንግሥት ነው አቶ አስራት። መሬቱ የሚነሳው..."

"ለማን ተብሎ ነው የሚነሳው?"

"ለ... ለእርስዎ።"

"እንግዲያው እኔ አልፈልገውም። መንግሥት ለራሱ ከፈለገው ሌላ ነገር ነው።"

"እርስዎ ቢተዉት ሌላ ባለሀብት ይጠይቀዋል" አለ ሹሙ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። የሰዉ ሳቅ ግን ቀዘቀዘ።

አቶ አስራት አሰቡ። ከሰፈራችን ግርጌ ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ወዳለው ባዶ ረግረግ አዩ፤ ባሕር ዛፍ ብቻ የበቀለበት ነው። "ያንንስ የጠየቀው አለ?"

"ከመንገድ ይርቃል፤ ውሃም ያቁራል።"

"ውሃው ይጠፈፋል። ሁለቱንም ላመልክት፤ ያኛው ለእኔ እንዲሰጠኝ፣ ይሄኛው ደግሞ ምልክቱ እንዲነሳለት። ይፈቅዳሉ አይፈቅዱም አላውቅም።" ከዚያ እናቴን አዩ። "እትዬ ዘነቡ፣ የማልችለውን ቃል አልሰጥዎትም። ከልቤ እሞክራለሁ። እስከዚያ ታርቀን እንቆይ?"

"ሚካኤል ይርዳዎት። ታርቀናል" አለች።

ጽዋውን ይዘው ሲወጡ እንደ ወጉ በእልልታና በጭብጨባ እስከ መኪናው ሸኘናቸው። ፔጆው ውስጥ ጽዋውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጽዋውን ተከትሎ የሚሄደውን ድፎ ዳቦ የታቀፈው ያ የከተማ ሹም ነበር፤ ሌላ ማስቀመጫ አልተገኘማ።

ያ ወር እንዴት ረዝሞ አለፈ መሰላችሁ! ቀዩ ቀለም ከመስኮታችን ሥር እንደሆነ አለ። ከአቶ አስራት ወሬ የለም። አባቴ አንዳንዴ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ይላል።

ታኅሣሥ ሚካኤል ደረሰ። ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለው የአቶ አስራት ቤት ሁላችንም ነጭ በነጭ ለብሰን በእግር ሄድን። አባ ተክሌን በየተራ ደገፍናቸው። ጓድ ሽፈራው ያን ቀን "አሞኛል" ብሎ ከቢሮ ቀርቶ አብሮን ነበር። ከትልቁ የብረት በር ስንደርስ ዘበኛው ብቅ አለ።

"ጌታው የሉም" አለን።

አባቴ እናቴን እንዳያይ ወደ መሬት አየ። "ወዴት ሄዱ?"

"እኔ ምን አውቄ? በጠዋት ነው የወጡት።"

ባለቤታቸው እየሮጡ መጥተው አስገቡን። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ የጾም ምግብ እስከ ጣራ ተደግሷል። ተቀመጥን። የሚበላ ሰው ግን የለም። ከአባ ተክሌ አጠገብ ያለው የደጋሹ ወንበር ባዶ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪና ገባ። አቶ አስራት በሩ ላይ ቆሙ። ከረባታቸው ተፈትቷል፤ ጫማቸው የረግረግ ጭቃ ጠጥቷል።

"ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ደጋሽ ሆኜ እንግዳ ሆንኩ። ቀያሾቹ ዛሬ ካልሆነ አይመቸንም ብለው ነው" አሉ። ቀጥ ብለው ወደ እናቴ ሄዱ። "እትዬ ዘነቡ፣ ካስማው ከወንዙ ማዶ ተተክሏል። የእናንተም ምልክት ተነስቷል። ነገ ኖራ ገዝታችሁ ግድግዳችሁን ቀቡ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን እልልታ መግለጽ አልችልም። አባቴ፣ ያ ኩሩ አናጢ፣ አቶ አስራትን አንቆ ሳማቸው። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ሳምኩ፤ ዘበኛውንም ሳይቀር። እናቴ ብቻ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ጽዋውን ደግሞ በመጨረሻ ጓድ ሽፈራው ተቀበለ፤ ነጠላ አጣፍቶ፣ በጓሮ ሳይሆን በአውራ ጎዳና እየተዘመረለት ወደ ቤቱ ሄደ። አንድ የቀበሌ ጥበቃ አይቶት ባርኔጣውን አነሳለት።

ቤቱ ቆመ። ክረምቱ ሳይገባ መንግሥት ተለወጠ፤ ወታደሩ ከየግንባሩ በእግሩ ወደየቤቱ ተበተነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ግቢ ውስጥ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ ልብስ አሰጣለሁ። በሩ ኮሽ አለ። እናቴ እንደ ልማዷ ቀና አለች።

ከዚያ ጉልበት ሰማን።

ምስሩ ግቢውን ሞላው። ፂሙ ያደገ፣ አጥንቱ የወጣ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። "እማዬ፣ ሽቦው ዝጓል እኮ" አለ በላይ። ስለ እሱ ቀን ሌላ አልጽፍም፤ እያነበባችሁ አብራችሁኝ ታለቅሳላችሁ፤ እኔ ደግሞ የማወጋችሁ የደስታ ወሬ ነው።

ሆቴሉ በጊዜው ነገር ለዓመታት ቢጓተትም ረግረጉ ላይ ተሠራ። በላይ እዚያው የመብራት ሠራተኛ ሆነ፤ የእኔ ሰርግም የተበላው በአዳራሹ ነው። የጭቃ ቤታችንን ኋላ እኛው አፍርሰን በብሎኬት ሠራነው። የቆርቆሮውን በር ግን በላይ አላስነካም።

እኔን ምን ለወጠኝ ብትሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ደጅ አቁሜ አነጋግሬ አላውቅም። የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኜ ስንት የተቆጣ ወላጅ ሊጮህብኝ መጥቷል! መጀመሪያ ወንበር እስባለሁ። ዛሬም በሰፈሬ ቀይ ቀለም ይቀባል፤ ልማት ሲባል ሰው ይነሳል። ሁሉም እንደ ጋሽ አስራት ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም። እናንተ ግን የምታስነሱም ሆናችሁ የምትነሱ፣ እስቲ አንድ ቀን አንድ ቤት ውስጥ አብራችሁ ተቀመጡ። ምንም ባይሆን በሩ የት እንደሆነ ትተዋወቃላችሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባ ተክሌን ከማረፋቸው በፊት "ያኔ ጽዋውን የሰጡት ለማን መስሎዎት ነው?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ልጄ፣ የጋረደው ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አይደለም" ብለው ሳቁ። እናቴን ደግሞ በላይ በመጣ ሰሞን፣ ለማኅበርተኛው ዳቦ ስትቆርስ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ሰውዬውን እዚያ ያስቀመጥሽው ሆን ብለሽ ነው አይደል?"

"ታዲያ የት ላስቀምጠው ኖሯል?" አለችኝ ከዳቦው ቀና ሳትል። "ደጅ ለቆመ ሰው እኮ የሚታየው ጣራው ብቻ ነው። ይልቅ ይቺን ለወንድምሽ ስጪው።"